ትርንጎ «ትክክል ነህ» ያለችኝ ቀን

አገሬ በአንድ ትልቅ ድንጋይ ሥር ያለች ከተማ ናት። ስሟን የማልነግራችሁ ደብቄ አይደለም፤ ከድንጋዩ ወዲያ ሌላ አገር አለ ብለን ስለማናስብ ስም ማውጣት አላስፈለገንም። ድንጋዩ ጣሪያችንም ግድግዳችንም ነው። በስንጥቆቹ ብርሃን ይገባል፤ አየር ግን በራሱ አይገባም፣ መነፋት አለበት። ለዚህ ወናፍ አለን፤ ከብዙ በሬ ቆዳ የተሰፋ፣ ግቢ የሚያህል ወናፍ። ሲከፈት በአንድ አፉ ንጹሕ አየር ከውጭ ይስባል፤ ሲጨመቅ በሌላው አፉ ያገለገለውን አየር ወደ ውጭ ይተፋል። እኔ አንዳርጌ ከወናፍ ነፊዎቹ አንዱ ነኝ። አባቴም ነፊ ነበር። ክንዴን ከእሱ ወርሻለሁ፤ ጭንቅላቴን ከማን እንደወረስኩ ሚስቴ እስከ ዛሬ ታጠያይቃለች።

እንግዳ መጥቶብን አያውቅም እንጂ ቢመጣ መጀመሪያ የሚጠይቀን «መቼ እንደምትነፉ በምን ታውቃላችሁ?» ብሎ ይመስለኛል። መልሱ ቀላል ነው። ሴቶች ሲጮኹብን።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከተማችን ቁልቁለት ናት፤ ከሥሯ ወንዝ አለ፤ ወንዙ ዳር ታች ሰፈር አለ። ያገለገለ አየር ከባድ ስለሆነ እየወረደ ወንዙ ውስጥ ይገባል፤ ሲበዛ ወንዙ ይኮመጥጣል። ያ ውኃ በየቤቱ ደጃፍ ሥር በቦይ ያልፋል። የታች ሰፈር በሮች ደግሞ የሚሠሩት ወንዙ ዳር ከሚበቅል አንድ ጠማማ ዛፍ ነው፤ እንጨቱ ኮምጣጣ ሲነካው ያብጣል። በእያንዳንዱ በር ግርጌ ዶሮ የምታሾልክ ቀዳዳ አለች፤ ሁልጊዜም ክፍት ናት። ዶሮዎቹ ጥሬ ሊለቅሙ በጓሮ በኩል ይገባሉ፤ ለቅመው ሲጠግቡ በዚያች ቀዳዳ አንድ በአንድ ወደ ደጅ ይወጣሉ። ሲወጡ ቤቱ ጸጥ ይላል። ውኃው ሲኮመጥጥ ግን እንጨቱ ያብጥና ቀዳዳዋ ትጠባለች፤ ብሶ ሲመጣም ትደፈናለች። ዶሮዎቹ መግባታቸውን አይተዉም፤ በገቡበት መመለስ አያውቁበትምና መውጣቱ ብቻ ይቀራል። አንዷ ዱቄት ውስጥ ትገላበጣለች፣ ሌላዋ አልጋ ላይ ትወጣለች፣ አውራው ምሰሶ ላይ ሆኖ ያዛል። የቤቱ እመቤት ትታገሳለች፣ ትታገሳለች፣ ከዚያ በሯን በርግዳ ትጮኻለች። እኛ ያን ሰምተን ወናፉን አንዴ እንነፋለን። በተበረገደው በር ዶሮዎቹ ይፈሳሉ፣ ቤቱ ይረጋጋል፣ በሩ ይዘጋል፤ ቀዳዳው እንደተደፈነ ከሆነ ደግሞ ሙላቱ እንደገና ይጀምራል።

ሚስቴ ትርንጎ የታች ሰፈር ልጅ ናት። እሷ ጥቂት መቆጣት አታውቅም፤ ወይ ዝም ናት ወይ ሙሉ ጩኸት ናት። አየሩ በጣም ሲበላሽም ቶሎ ቶሎ ትጮኻለች እንጂ ድምፅዋን አትጨምርም፤ የሚጨመር አላስቀረችማ። ወናፍ ቤት ሆኜ ከዚያ ሁሉ ጩኸት የእሷን ለይቼ አውቅ ነበር፤ ሽማግሌ የላክሁት ፊቷን ሳላይ ነው። ስለ አየር ብትጠይቋት ምንም አታውቅም። እኛም አናውቅም። እሷ ዶሮዋን ታውቃለች፣ እኛ ጩኸቷን እናውቃለን፣ አየሩ የራሱን ጉዳይ ያውቃል። እንዲህ ሆነን በሰላም ኖርን።

በሰላም ስል ከገብስማዋ በቀር ነው። ገብስማ ዶሮ አለችን። እኔ እንቁላል ትጥላለች እላለሁ፤ ትርንጎ ጥሬ መፍጀት እንጂ አንድም ቀን ጥላ አታውቅም፣ ለበዓል ትታረድ ትላለች። ከተጋባን ጀምሮ ስንከራከርበት የኖርነው ጉዳይ ይህ ነው። በዓል በመጣ ቁጥር ገብስማዋን የማሸሸው እኔ ነኝ።

ወደ ታሪኬ ልመለስ። የከተማችን ሰዎች ሰላም ይወዳሉ። የሚጮኽ ካለ በዳይ አለ ብለው ያምናሉ፤ በዳይ ካለ ደግሞ ይቅርታ መጠየቅ አለበት። አንድ ቀን ሽማግሌዎች ነጭ ለብሰው ትርንጎ ዘንድ መጡ።

«ልጄ፣ ማን በደለሽ?» አሏት ከሁሉም ሸምገል ያሉት።

«ማንም አልበደለኝም፣ አባቴ።»

«ታዲያ ምን ጎድሎሽ ነው?»

«ምን ይጎድለኛል? በዝቶብኝ ነው እንጂ። ዶሮ ነው የበዛብኝ።»

ሽማግሌዎቹ ዞር ብለው መከሩ። በዳይ የሌለው ቁጣ በሕጋችን የለም። ስለዚህ በዳይ በተራ እንዲመደብ ወሰኑ። ከዚያ ወዲህ አንዲት ሴት በጮኸች ቁጥር ተረኛው በዳይ በጫንቃው ድንጋይ ተሸክሞ ደጇ ይቀርብና «አጥፍቻለሁ፣ ይቅር በይኝ» ይላታል። «ይቅር ለእግዜር» ትለዋለች። ድንጋዩን አውርዶ ይሄዳል፤ ትንሽ ቆይታ ትጮኻለች። ተራው ደርሶኝ እኔም ለገዛ ሚስቴ ተሸክሜያለሁ። ምን አጥፍተህ ነው ስትለኝ ተረኛ መሆኔን ነገርኳት። «ተራህ ባይሆንም አታጣም» አለችና ይቅር አለችኝ።

ጩኸቱ በይቅርታ እንደማይቆም ሲታይ ሊቀ ጸጥታ የሚባል ሹመት ተፈጠረና አቶ አያልሰው ተሾመበት። አያልሰው ክፉ ሰው አይደለም። ኮቴው እንዳይሰማ ጫማውን በበግ ፀጉር ያስለበሰ፣ ሲያስነጥሰው እንኳ አስቀድሞ ይቅርታ የሚጠይቅ ሰው ነው። ታች ሰፈር ወርዶ፣ በርጩማ ላይ ተቀምጦ፣ በሮቹን ሲመለከት ከረመ። ቀዳዳው ሲደፈን ሴቶቹ እንደሚጮኹ፣ ክፍት ሲሆን እንደማይጮኹ ደረሰበት። በዚህ አልወቅሰውም፤ እውነቱን ነው። ከዚያ ሕዝቡን ሰብስቦ ቀዳዳዎቹ ሁሉ የነሐስ ክፈፍ እንዲገባላቸው አዋጅ አስነገረ። ነሐስ አያብጥም። ያላበጠ ቀዳዳ አይደፈንም፤ ካልተደፈነ ማን ይጮኻል?

የወናፍ ቤቱ አለቃ ምንይችል እጁን አወጣ። «ጌታዬ፣ ካልተጮኸብን መቼ እንደምንነፋ በምን እናውቃለን?»

አያልሰው ክንዱን ይዞ ወደ ወናፉ አፍ ወሰደው። ከውጭ የሚገባውን አየር በረጅሙ ሳበና «እስቲ ያሽትቱት፣ አለቃ» አለው። «እንዲህ ያለ አየር ምን ይወጣለታል? ደግሞስ አየር ሲያጥር ሰው ራሱ አያውቀውም እንዴ? ለትንፋሽም ቀስቃሽ ያስፈልገናል?»

ሁላችንም ሳቅን። አለቃ ምንይችልም ሳቀ። ሰው የገዛ ትንፋሹ ሲከዳው አያውቅም ብሎ ማን ይጠረጥራል።

ነሐሱ በእልልታ ገባ። ዶሮን ሲያታልሏት በመጫኛ ጣሏት ይባላል፤ እኛን በነሐስ ነው። ትርንጎ የራሷን ክፈፍ በአመድ አሽታ አብለጨለጨችው። አያልሰው ሲያልፍ ቆም ብሎ «ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባበትም» አላት። «ዝንቡስ ቀላል ነበር፣ ጌታዬ» አለችው። ያ የመጨረሻ ጥሩ መልሷ ነበር።

ጸጥታው መጣ። ወንዙ ኮመጠጠ፣ በሮቹ አበጡ፣ ነሐሱ ግን ንቅንቅ አላለም። ዶሮዎቹ እንደ ልባቸው ገቡ ወጡ። አንዲትም ሴት አልጮኸችም፤ እኛም አልነፋንም። ያልተጮኸበትን መንፋት በወናፍ ቤት ደንብ ድፍረት ነው። ገበጣ ስንጫወት ዋልን፤ የወናፉ ቆዳ እጥፋት ውስጥ ድመት ወለደች፣ እንዳንረብሻት ተጠነቀቅን።

ከተማዋ እንዲያ የተፋቀረችበት ዘመን ትዝ አይለኝም። በገበያ ክርክር ቀረ፤ ሻጩ የጠራውን ገዢው ይሰጣል፣ አንዳንዴም ሻጩ መጥራቱን ይረሳል። ዳኛው ከሳሽንም ተከሳሽንም አመስግኖ ወንበሩ ላይ እንቅልፍ ወሰደው፤ ፍርዱ ለሁለቱም ተስማማቸው። ተረኛው በዳይ ሥራ ስለፈታ ድንጋዩን ትራስ አደረገው። ራስ ምታት በየቤቱ ገባ፤ ሰው ሁሉ ግንባሩን በሻሽ ጠፍሮ ይሄድ ጀመር። አያልሰው ይህን ሲያይ ሻሽ ማሰር የሰላም ምልክት ነው ብሎ አወጀ፤ ያላመመውም አሰረ። ቀጥሎ ሰላምታችን ማዛጋት ሆነ። አንዱ ያዛጋል፣ ሌላው አጸፋውን ያዛጋል፣ ይተላለፋሉ። ትልቅ ሰው ሲሆን ቆም ብሎ አፍን በእጅ ሸፍኖ ማዛጋት ነው። የመብራቶቻችን ነበልባል ዝቅ አለ፤ ያንንም ትሕትና ነው አልን።

እኔም እንደ ሰው ሁሉ ደስ ብሎኝ ነበር። ሚስቴ ፈገግ ብላ ትቀበለኛለች፣ ፈገግ ብላ ትሸኘኛለች። የመንደሩ ባሎች ተቃቅፈን አዛጋን።

ታዲያ አንድ ቀን፣ ምሳ ሰዓት ካለፈ በኋላ፣ ገበጣ አቆይቶኝ ወደ ቤት ገባሁ። ስገባ ማሰሮ መታሁና ሰበርኩ። ቆሜ ጠበቅሁ። ሰው ነጎድጓድ እንደሚጠብቅ አንገቴን ቀብሬ ነው የጠበቅሁት።

«ምንም አይደል» አለች ትርንጎ። መደብ ላይ ጋደም ብላ ሻሿን እያስተካከለች ነበር።

«ማሰሮው እኮ ተሰበረ።»

«ይሰበር። ደክሞት ይሆናል።»

ነገሩን ለማሳሳቅ ብዬ የማይነካውን ነካሁ። «ገብስማዋ ግን እንቁላል ትጥላለች» አልኳት።

ትርንጎ ዓይኗን ገርበብ አድርጋ አየችኝ፤ ፈገግ አለች። «ትክክል ነህ» አለችኝ።

 እመኑኝ፣ ጣሪያችን የሆነው ድንጋይ ቢሰነጠቅ እንደዚያ አልደነግጥም። ስለ አየር አላሰብኩም፤ አየር የሚባል ነገር ትዝም አላለኝ። የማውቀው ያቺ ላግባሽ ብዬ የለመንኳት ሴት እዚያ መደብ ላይ እንደሌለች ነው። የቀረውም ፈገግታ እየተነነ ነበር።

ልቀሰቅሳት ሞከርኩ። «ወጥሽ ጨው የለውም» አልኳት። «እውነትህን ነው» አለች። «እናትሽ ነገረኛ ናት» አልኩ። «ናት» አለች፣ ዓይኗን ከደነች። ከዚያ በኋላ ምንም ብላት አልመለሰችልኝም። ትንፋሿ ይሰማል፣ ግን ርቆ ነው የሚሰማው።

ወደ ወናፍ ቤት ዳገቱን ወጣሁ። ሮጥኩ ብላችሁ ደስ ባለኝ፤ እየተንፏቀቅሁ ነው። ነፊዎቹ ሁሉ ተጋድመዋል። አለቃ ምንይችል ጉንጩን ገበጣው ላይ አድርጎ ተኝቷል፤ ጠጠሮቹ ፊቱ ላይ ታትመዋል።

«አለቃ፣ ተነሱ፣ እንንፋ!»

«ተጮኸ?» አለ ዓይኑን ሳይገልጥ።

«አልተጮኸም።»

«ታዲያ ምን ሆነህ?»

«ትርንጎ ትክክል ነህ አለችኝ።»

አንድ ዓይኑን ገለጠ። «ታመመች እንዴ?» አለ፤ መልሴን ሳይጠብቅ ከደነው።

ራሴ ጮህኩ። የነፊ ጆሮ ግን የታች ሰፈር ሴት እንጂ ወንድ ቢጮኽ አይሰማውም፤ አንዱ በእንቅልፉ «ድምፅህ ያምራል» ብሎ አጨበጨበልኝ። የወናፉን ግንድ ብቻዬን ተንጠለጠልኩበት። እኔ ተወዛወዝኩ እንጂ እሱ አልተነቃነቀም፤ ድመቷ ብቻ በቅሬታ አየችኝ።

ቁልቁል ስመለስ አለቀስኩ። ለከተማዋ አልነበረም፤ ከተማዋ ተኝታ ደስተኛ ትመስል ነበር። ያለቀስኩት ያን ጩኸት ዳግመኛ ላልሰማው ነው ብዬ ነው። አንዴ፣ አንዲት ጊዜ ብቻ ብትቆጣኝ ምን አለበት እያልኩ ደጄ ደረስኩ። በነሐሱ ቀዳዳ ገብስማዋ ደረቷን ነፍታ ወጣች። ከኋላዋ ሌላ ወጣች። ከእሷም ኋላ ሌላ። ዶሮ ራስ ምታት የለባት፣ ሐሳብ የለባት። እነሱን ሳይ ትርንጎን በሕይወቷ ያስቆጣት አንድ ነገር ብቻ እንደሆነ ትዝ አለኝ፤ እኔም እንኳ ሁለተኛ ነኝ።

ገብስማዋን ይዤ በጓሮ በኩል መለስኳት። ቀዳዳውን የምደፍንበት ድንጋይ ፈለግሁ፤ የተረኛው በዳይ ድንጋይ እዚያው ቅርብ ነበር፣ ግን ተኝቶበታል፣ ላነሳው አቅም አጣሁ።  የቀረኝ ገላዬ ነው። ዞሬ ጀርባዬን ለበሩ ሰጠሁና ቀዳዳው ላይ ተቀመጥኩ። ልክ ሆንኩለት። የነሐሱ ቅዝቃዜ ተሰማኝ፤ ከዚያ ገብስማዋ ነከሰችኝ፤ ከዚያ እንቅልፍ ወሰደኝ።

ስለሚቀጥለው የማውቀው በእንቅልፌ የሰማሁትን ነው። መጀመሪያ ኮሽታ ነበር። «እሽ» አለች አንዲት የደከመች ድምፅ። ቆየ። ክንፍ ሲመታ፣ ዕቃ ሲንኳኳ ሰማሁ። «እሽ፣ ሂጂ ወዲያ።» አውራው ጮኸ፤ ቅርብ ሰው ጆሮ ላይ የሚጮኽ ይመስል ነበር፤ ለካስ ራሷ ላይ ቆሞ ኖሯል። ዝም ሆነ። ያ ዝምታ ሞላ፣ ሞላ፣ ሞላ።

በሩ ተበርግዶ ቦይ ውስጥ ወረወረኝ። ትርንጎ ሻሿ ተፈትቶ፣ ላባ በላባ ሆና፣ ደጃፉ ላይ ቆማ ጮኸች።

እንዴት እንደጮኸች ልነግራችሁ አልችልም። ጣሪያችን የሆነው ድንጋይ አስተጋባው። ወናፍ ቤት የነበሩት እንደሚሉት አለቃ ምንይችል ዓይኑን ሳይገልጥ እጁ ግንዱን ያዘ፤ የሌሎቹም እጅ ከየእንቅልፋቸው ተነሥቶ ግንዱን ያዘ፤ ወናፉ ከነድመቷ ተከፈተ። የመጀመሪያዋ ንፋስ ቁልቁል ስትወርድ የከተማው መብራት ሁሉ ቀና አለ።

«ማነው ቀዳዳዬን የደፈነው?» አለች ትርንጎ።

«እኔ ነኝ» አልኩ ከቦዩ ውስጥ።

«በምን?»

ነገርኳት።

ያለችኝን እዚህ አልጽፈውም፤ በየቃሉ ግን ወናፉ አንዴ ይነፋ ነበር። ትንሽ ጸጥ ስትል ሰፈሩን ቃኘች። የጎረቤቶቿ ዶሮዎች በነሐሱ ቀዳዳ ተሰልፈው ሲወጡ አየች። «እኔ ብቻ ነኝ እንዴ ዶሮ የሚሞላብኝ?» አለች። ተረኛውን በዳይ አንከባልላ ድንጋዩን ወሰደችና የመጀመሪያውን በር ደፈነች፤ ለሌላው ሙቀጫ፣ ለሌላው የሰው በርጩማ። በቅናት ነው ያደረገችው። ወዲያው ሰፈሩ በሙሉ ይጮኽ ጀመር፤ ነፊዎቹም ላብ በላብ ሆኑ።

በማግሥቱ ሊቀ ጸጥታ አያልሰው ሻሹን አውልቆ፣ ፊቱን ታጥቦ፣ ሁለታችንን አስጠራን።

«ወይዘሮ ትርንጎ፣ የጮኹት አየሩ መበላሸቱን አውቀው ነው?»

«እኔ ከአየር ጋር ምን አገናኘኝ? አውራ ዶሮ ራሴ ላይ ቆሞ!»

ወደ እኔ ዞረ። «አንተስ አውቀሃል?»

«አላወቅሁም፣ ጌታዬ። ትክክል ነህ ስትለኝ ፈርቼ ነው።»

 አያልሰው ባለትዳር ሰው ስለሆነ የገባው ይመስለኛል፤ ሚስቱ እንዳትሰማው ይመስል ወደ በሩ አየ። ተሳስቻለሁ ማለት ግን ለሹመቱ አልተፈቀደም። ስለዚህ ከዛሬ ጀምሮ የታች ሰፈር ጩኸት እንደ ጸጥታ እንዲቆጠር ወሰነ። ነሐሱ ተነቀለ፤ ቀልጦም ለራሱ ጥሩ የጆሮ መክደኛ ተሠራለት። ከእሱ የተረፈው ለተረኛው በዳይ የሚሸከመው ቀለል ያለ ነሐስ ሆነለት፤ ልማዱን ሕዝቡ ስለወደደው አልቀረም።

ድመቷን ወደ ቤታችን ወሰድናት። ዶሮዎቹ ይፈሯታል፤ ገብስማዋ ግን ትነክሳታለች።

ትናንት ጓሮ ገብቼ ገብስማዋን ከጎጆዋ ሳነሣት ሥሯ እንቁላል አገኘሁ፤ ሙቀቱ ገና አልበረደም። በሁለት እጄ ይዤ ለትርንጎ አሳየኋት። አገላብጣ አየችው፣ አሸተተችው፣ መለሰችልኝ።

«የጎረቤት ነው» አለች።

ደህና ነን ማለት ነው።